የአያ የሻው ለቅሶ ደራሾች

ለቅሶ ደራሿን በር ላይ የተቀበሏት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። አያ የሻው በዚያ የኅዳር ጠዋት፣ ወረታ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከወንድማቸው ልጅ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቃጫ ይገምዱ ነበር። አማከለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የእዝን አገልግሏን አዝላ፣ ገና ከአጥሩ ጥግ ጀምራ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለች መጣች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የሚያለቅስ ሰው እየመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነውር ነውና አያ የሻው ገመዳቸውን አስቀምጠው፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እግዜር ያጥናሽ እቴ፣ ማን ሞተብሽ?" ብለው ጠየቋት። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነበር፤ ግን እሳቸው ለጠየቁት ማን ደፍሮ ይመልሳል?

አማከለች የጨፌ ጊዮርጊስ ሴት ናት። ጨፌ ጊዮርጊስ አያ የሻው ተወልደው ያረጁበት፣ ከወረታ ሜዳውን አቋርጦ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ ቀዬ ሲሆን፣ እዚያ ያለ አማከለች ለቅሶ አይሞቅም፤ ግጥም የምትሰጠው እሷ ናት። እሑድ ዕለት ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ "ኃይለ ጊዮርጊስ" ሲሉ፣ ለወራት ልብ ያላለችው ስም ያን ቀን ጆሮዋ ጥልቅ አለ። በዚያ ደብር በዚህ የክርስትና ስም የሚጠራ ከአያ የሻው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። እንግዲያው ወረታ ሄደው ሞተዋል፣ የወንድማቸው ልጅም ሳይነግረን ቀብሯቸዋል ብላ፣ ሰኞን ሙሉ ላገኘችው ሁሉ ስታረዳ ዋለች፤ ማክሰኞ ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አሁን የአያ የሻውን ጉልበት ሳመች፣ አለቀሰችም ሳቀችም፤ ከዚያ አገልግሏን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ከጣውላው መከለያ ወዲያ፣ "እሑድ ከሙታን ጋር ስማቸው ሲጠራ ብሰማ፣ እኔ እኮ አርፈዋል ብዬ" ስትል አያ የሻው ሰሙ። የወንድማቸው ልጅ ሚስት ገላነሽም፣ ሊጡ ኩፍ አለ ወይ ተብላ እንደ ተጠየቀች ሁሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ "ገና ነው" አለቻት።

ስድብ ቢሆን ኖሮ አያ የሻው ይችሉት ነበር፤ ስድብ መመለስም ያውቁበታል። ያመማቸው ቃሉ እውነት ስለሆነ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሆዳቸው አብጦ፣ እህል አልወርድ ብሏቸው፣ ክረምቱን አይወጡም ተብሎ ነበር። ሚስታቸው ጸሐይነሽ ቀድማቸው ሄዳለች፤ ልጅ አልወለዱም። ልጅ የሌለው ሰው ተዝካሩን በማን ይተማመናል? በቁማቸው አወጡት። ከአምስቱ በሬዎቻቸው ሦስቱን አሳረዱ፣ ሁለቱን ለደብሩ ሰጡ፤ ማሳቸውንና የማኅበር ጽዋቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለአለኸኝ አስረከቡ። እስከ ቁሐር ሚካኤል ድረስ ካህናቱም ዘመዱም ተጠራ፤ ሁለት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ። አያ የሻው አልጋቸው ላይ ተኝተው ወጡ ጨው አነሰው፣ ጠላው ግን ሸጋ ነው ሲባል ይሰሙ ነበር። ሁሉም ተሟላ፤ ተጠርቶ የቀረው ሞት ብቻ ነው። ድግሱ ካለፈ በኋላ አንድ ጎረቤታቸው፣ ኧረ እንዲያው ሕመሙ እንኳ ቀለል ብሎላቸው ይሙቱ ብሎ፣ በቃሬዛ አሸክሞ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰዳቸው። ሁለት ሱባዔ ተነከሩ። በቃሬዛ የሄዱት ሰውዬ በእግራቸው ተመለሱ።

መንደሩ እልል አለ፤ እልልታው ግን አልረዘመም። ተዝካራቸውን የበላ ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ዓይኑን ይሰብር ጀመር። እሳቸውም ያፍራሉ፤ ሰውን ያለ ለቅሶ አብልተው ያታለሉ ይመስላቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የወዲያኛውን ዓለም ሲያሰናዱ የወዲህኛውን አስረክበው ተገኙ። በሬ የላቸውም፣ ማሳ የላቸውም፤ ሽማግሌ ሲመረጥ አይጠሩም፣ ግብር ሲከፈልም አይጠየቁም። ታራ ገዳም ገብቼ ልመንኩስ ብለው አስበው ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ተራራውን ገና ከታች ሲያየው እምቢ አለ። በመጨረሻ አለኸኝ መጥቶ፣ "እኔ ጋ ይክረሙ" ብሎ ወረታ ወሰዳቸው።

አለኸኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ከመንገዱ ዳር ሱቅ ከፍቶ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና ይሸጣል። ለአጎቱም በጓሮ በኩል በር ያላትን ጓዳ ሰጣቸው፤ መደብ አስመረገላቸው፣ አጎዛ አነጠፈላቸው። መጀመሪያ የጨው ጆንያው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነበር። በዓመቱ እስከ ክፍሉ ወገብ ደረሰ። አሁን ከመደቡ እስከ በሩ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ነገር ከቤቱ ሰው ማንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እሳቸውም ከእርሻ የወጣ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልምና ገመድ ይገምዳሉ፤ አለኸኝ "እሰይ፣ እሸጠዋለሁ" እያለ ይወስድላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የወደቀ መቁጠሪያቸውን ከጆንያው ጀርባ ሲፈልጉ፣ የሦስት ዓመት ገመዳቸውን እንደ ተጠቀለለ፣ እንደ ተደረደረ አገኙት። ሱቁ የሚሸጠው በመኪና የሚመጣውን የፋብሪካ ገመድ ኖሯል፤ ክንዱ በአምስት ሳንቲም። አያ የሻው መቁጠሪያቸውን አንሥተው ጆንያውን ወደ ቦታው መለሱት። በማግስቱም እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ወጥተው መገመድ ቀጠሉ።

የዚያን ማክሰኞ ግን አልቀጠሉም። "ገና ነው" የሚለው ቃል ከደጃፉ አስነሣቸው። በሱቁ በኩል ዞረው አለኸኝን ጨፌ ደርሼ እመጣለሁ አሉት፤ ለምን ቢላቸው ስሜን ከሙታን ላስነሣ ነው አሉ። አለኸኝ ሩብ ኪሎ ስኳር ይመዝን ነበር። መዘነ፣ በወረቀት ጠቀለለ፣ ለገዢዋ ሰጠ፣ መልሷንም ሰጠ። ከዚያ ቀና ሳይል "እንደ ፈቀዱ" አላቸው። አያ የሻው ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጥቂት ቆሙ። ሌላ ሰው ላምባ ሊገዛ ገባና መንገድ ለቀቁለት።

ከጨፌ ወረታ የሚመጣ ሰው አሁን በመኪናው መንገድ፣ በድልድዩ ነው የሚመጣው። አያ የሻው ግን እግራቸው የለመደውን አሮጌውን መንገድ ይዘው በሜዳው አቋረጡ። ክረምት ሙሉ ሐይቅ ሆኖ የከረመው መሬት ውኃው ወርዶለት፣ ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ጓያውና ሽምብራው በቀረው እርጥበት ለምልሟል። ላሞቹ ጠግበው ተኝተዋል። ሁሉም የተፈጠረበትን ይሠራል፤ ይህን ሐሳብ አያ የሻው አልወደዱትም፣ ሆኖም እስከ ወንዙ ድረስ አልለቀቃቸውም። እግዜር ሰውን ያለ ሥራ አያቆይም ሲባል ሰምተዋል። ታዲያ የእሳቸው ሥራ ምንድን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲነቁ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉም ከመጠየቃቸው ቀጥሎ የሚመጣው ቁርስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ቢያንስ ስሜ ከሕያዋን ጋር ይጻፍ፣ ከዚያ ሥራው ራሱ ይገለጥ ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ። የጸና ተስፋ አልነበረም፤ ቢሆንም ያላቸው እሱ ብቻ ነው።

የርብ መልካ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ድልድዩ ሳይሠራ ወንዙ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በዚህ ነበር። አያ የሻው በጉልምስናቸው ከዳሩ ሾላ ላይ ገመድ ያስሩና ጫፉን በወገባቸው ጠምጥመው በዋና ይሻገራሉ፤ ማዶ ካለው ግራር ጋር ሲወጥሩት መንገደኛው ገመዱን እየያዘ ያልፋል። ማንም አላዘዛቸውም። ቤታቸው ለመልካው ቅርብ ስለነበር ሰው ሲጣራ ይሰማሉ፣ ይወጣሉ፤ የጎረቤት ከብት ማሳ ሲገባ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነው። እንደ ሥራ ቆጥረውት አያውቁም፤ ተዝካሩ ላይም ያነሣው አልነበረም። ሾላው አሁንም አለ፤ ገመዱ የቦረቦረው ጎድጓዳ ከግንዱ ላይ አልጠፋም። ውኃው ከጉልበት በታች ስለነበር በትራቸውን እየተከሉ ተሻገሩ።

ቄስ ደሞዝን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኟቸው። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ከደጋው መጥተው ጨፌ ከተቀጠሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ያለፈው ክረምት የአያ የሻው የነፍስ አባት የነበሩት አባ ጥሩብርሃን ሲያርፉ መዝገቡን የተረከቡት እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ሁለት ክፍል አለው። ሕያዋን በየቤታቸው ይጻፋሉ፤ ሙታን ደግሞ ተዝካራቸው በወጣበት ዓመት። አባ ጥሩብርሃን ባለ ቁም ተዝካሩን በዓይን ስለሚያውቋቸው ያ ስም ላይ ሲደርሱ ዘለውት ያልፉ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን ምንም ምልክት አላደረጉም፤ ምልክቱን በልባቸው ይዘውት ሞቱ። ቄስ ደሞዝ ያገኙትን አነበቡ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። አያ የሻው ነገሩን ሲያስረዷቸው የቄሱ ፊት አመድ መሰለ። የቆመ ሰው ላይ አምስት ወር ሙሉ "ነፍሱን ይማር" ማለታቸው ታወቃቸው። ቄስነታቸውን ረስተው ይቅር ይበሉኝ እያሉ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ አያ የሻው ትከሻቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

መዝገቡ መጣ። ቄስ ደሞዝ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ብዕራቸውን ቀለም አጠቀሱ፤ ይህን አሁኑኑ እፍቀዋለሁ፣ አስቀድሜ ግን ከሕያዋኑ ልጻፍዎ አሉ። የሕያዋኑን ገጽ ገለጡ። ከዚያ በቅንነት፣ ምንም ሳይጠረጥሩ ጠየቁ።

"በየትኛው ቤት ልበል?"

አያ የሻው መልስ አለኝ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። የጨፌው ቤታቸው የአለኸኝ ጭሰኛ ጥጃ ማደሪያ ሆኗል። የአለኸኝ ቤት የተጻፈው ወረታ፣ በሌላ ደብር ነው፤ እሱም በሚስቱና በልጆቹ ስም። የማኅበር ጽዋው ተላልፏል። የጸሐይነሽ ወገኖች ዳሞት ናቸው። አንድ በአንድ አስታወሱ፣ አንድ በአንድ ጣሉ። ብዕሩ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ቄሱ እንደ ገና አጠቀሱ። "ቤት የለኝም አባቴ" አሉ በመጨረሻ።

ቄስ ደሞዝ ብዕሩን አስቀመጡ። ሌላም ነገር መናገር ነበረባቸው፤ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩት። የዚያ ስም መጻፊያው ተዝካሩ ነው፤ ከተፋቀ ተዝካሩም አብሮ ይፋቃል። ነገ አያ የሻው በእውነት ሲያርፉ መልሶ ለማስጻፍ በደብሩ ልማድ ሌላ ተዝካር ሊወጣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማን አለ? አለኸኝ ያደርገው ይሆን? አያ የሻው ያንን የስኳር ሚዛን አስታወሱ። ከቅጽሩ ውጭ አንድ ሰው በሬውን በስሙ እየጠራ ይቆጣ ነበር። በሬው እንኳ ስም አለው፣ ሲጠሩትም ይዞራል።

"እርስዎ የተማሩ ነዎት አባቴ" አሉ አያ የሻው። "ምናልባት ከመጽሐፍ ይገኝ እንደሆን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሁሉን ሰጥቼ፣ ተናዝዤ፣ ቆርቤ ተሰናብቼ ነበር። ለምን ተረፍኩ? ምን ሥራልኝ ብሎ ነው ያስቀረኝ?"

ቄስ ደሞዝ ብዙ ጥቅስ ያውቃሉ፤ አንድ ሁለቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ ዋጡት።

"አላውቅም አያ የሻው" አሉ። "ባውቅ ለራሴም በነገርኩት ነበር።"

አያ የሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሰው እውነቱን ሲነግራቸው ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ግን እንደ ገመቱት አላቀለላቸውም። ወንዙን ሲሻገሩ ይዘውት የነበረው ትንሹ ተስፋ ከእጃቸው ወጥቶ ሄደ፤ እያዩት ሄደ፣ የሚይዙበት አልነበራቸውም። "እንግዲያው ይተዉት" አሉ። "ካለበት ይቆይ። እዚያስ ቢሆን በየእሑዱ ይጠራል።" ቄሱ ግድ የለም ስምዎ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ ቢሏቸው፣ አይዝለሉት ብለው ለመኗቸው። ቄስ ደሞዝ መዝገቡን አጥፈው ዕቃ ቤት መለሱ። አያ የሻው ደጀ ሰላሙን ተሳልመው፣ በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ወረታ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ጣና ዘቅዝቃለች። ከአለኸኝ ቤት የብዙ ሰው ድምፅ ሰሙ። አማከለች ሰኞ ያረዳቻቸው ሰዎች እዝናቸውን እየያዙ፣ በድልድዩ በኩል እየተከታተሉ ገብተው ኖሯል። ገላነሽ ለእያንዳንዱ እንዳልሞቱ፣ ይልቁንም ወደ ጨፌ እንደ ሄዱ ነግራለች፤ ተገርመዋል፣ ስቀዋል። ሆኖም የመጣ እዝን አይመለስም ተባለና አገልግሉ ሁሉ ተፈታ፤ እስኪመጡ እንጠብቃቸው ብለው በልተው ተቀመጡ። አያ የሻው በሱቁ በር መግባት ከበዳቸው። በጓሮ ዞረው በጓዳዋ ገቡና መደባቸው ላይ፣ በጆንያውና ጓዳዋን ከቤቱ በሚለየው የጣውላ መከለያ መሐል ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብለው ነበር።

ከወዲያ አማከለች፣ "ግጥሙን እኮ መንገድ ለመንገድ ሳሰናዳ ነው የመጣሁ፤ ታዲያ ይዤው ልመለስ?" ትላለች። በይው እስቲ፣ ይሰማ፣ አሏት። ሳታለቅስ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋ አለችው፤

"የርብን ሙላት ገመድ ይዞ ያሻገረ፣
ራሱን የሚያሻግር ገመድ አጥቶ ቀረ።"

ሳቅ ጠብቃ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ የቁሐሩ ጥሩሰው፣ አያ የሻው ከገበያ ሰላምታ በቀር የማያውቁት ከብት ነጋዴ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እኔ የተወለድሁ ከዚያ መልካ ማዶ ነው" አለ። "እናቴ ለመውለድ ወደ ወገኖቿ ስትሄድ ምጡ መንገድ ላይ ያዛት፤ ርብ ሞልቷል። በትከሻቸው ተሸክመው፣ በገመዱ ተንጠላጥለው አሻገሯት። ከግራሩ ሥር እንዳወረዷት ወለደች። ሠላሳ ዓመት ያህል፣ እስክትሞት ድረስ፣ ስማቸውን ሳታነሣ ማዕድ አትቆርስም ነበር።"

አያ የሻው መከለያውን በእጃቸው ያዙ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንዲት ሴት ማዕድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ስማቸው ሲጠራ ኖሯል። ያችን ሴት በልባቸው ፈለጓት። የተሸከሟቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ነፍሰ ጡርም፣ አሮጊትም፣ ሕፃን ያዘለችም። ውኃው ትዝ አላቸው፣ ገመዱ ትዝ አላቸው፣ ወገባቸውን የላጠው ቁስልም ትዝ አላቸው። እሷ ግን የለችም። ፊቷን ለማየት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ምጥ የያዛት ሴት ጮኻ ነበር ይሆን? ምን አለቻቸው? ሦስት ዓመት የለመኑት መልስ ምናልባት ይኸው ነው፣ ከመከለያው ወዲያ፤ የራሳቸው ሆኖ ግን አያውቁትም። ጥሩሰው እንዲደግመው፣ አንድ ነገር፣ የቀሚሷን መልክ እንኳ እንዲጨምር ተመኙ።

አንዱ ግን በዚህ መሐል ጥሩሰውን ያችን ጊደር በስንት ሰጠሃት አለው። በአርባ ብር አለ ጥሩሰው፤ ረከሰች፣ አላረከስሁም ሆነ። ከጊደር ወደ ሽምብራ፣ ከሽምብራ ወደ ኑግ ተሄደ። ዝም ብሎ የዋለው አለኸኝም ኑግ ሲነሣ ነቃ አለና፣ ባለ ጭነት መኪናው ከጎንደር ይዞ የመጣውን ወሬ ያወራ ጀመር።

ያን ጊዜ ገላነሽ ጨው ልትዘግን ወደ ጓዳው ገባች። በጨለምለሙ ክፍል ውስጥ ሽማግሌው ጆሯቸውን ከመከለያው አስጠግተው ተቀምጠው ስታያቸው ደነገጠች። "አያ፣ መቼ ገቡ? ሰው ሁሉ እርስዎን እየጠበቀ እኮ ነው። መጡ ልበላቸው?" አለች።

አያ የሻው የነጠላዋን ጫፍ ያዙ።

"ተይ ልጄ፣ ገና ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ኑጉን ሲጨርሱ ወደ እኔ ይመለሱ ይሆናል።"

ገላነሽ ጨዉን በእፍኟ እንደ ያዘች አጠገባቸው ቆመች፣ እሷም አዳመጠች። ከመከለያው ወዲያ አለኸኝ፣ ኑግ እስከ ሰኔ ድረስ መወደዱ አይቀርም ይል ነበር።